ጁምዓ የዋለው ማጥለያ

ልጆቼ፣ የስፌት መኪናዬን ያተረፈልኝ አንድ የሱፍ ማጥለያ ነው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ መስጊድ ደርሶ ነው የመጣው።

ጌጃ ሰፈር ሳለሁ ሠላሳ ዓመት ሰፍቻለሁ። እዚህ ኮንዶሚኒየም ስንገባ መኪናዬም አብራኝ መጣች። ዓይኔን ከታከምኩ ወዲህ ግን ልጄ ሰብለወንጌል፣ «እማዬ፣ በቃሽ። ይቺን ብረት ለሰው እንስጣትና ቦታው ለፍሪጅ ይሁን» ማለት አመጣች።

«እጄ እኮ አልታመመም።»

«ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት ስንቴ ነው የምትስቺው?»

«ሦስቴ። በአራተኛው ይገባል።»

ሳቀች እንጂ ሐሳቧን አልቀየረችም። እሷ የገዛችው የፕላስቲክ ማጥለያ ደግሞ ገለባውን እያሳለፈ፣ ሱፍ ፍትፍቱ አሸዋ የነሰነሱበት ይመስል ነበር።

«በይ እኔ ማጥለያ ልስፋ» አልኳት። «ዓርብ በሱፉ አንዲት ገለባ ጥርስሽ ላይ ከተገኘች መኪናዋን ውሰጂ። ካልተገኘች ስሟን እንዳታነሺ!»

«እሺ፣ ተስማምተናል!»

ከተክለ ሃይማኖት አቡጀዲ ገዛሁ። ታቹን ክብ አድርጌ ቆረጥኩት፤ ጥግ ካለው ገለባው እዚያ ይሸጎጣላ! ስፌቱን ወደ ውጭ አደረግኩት። እንዲህ ሲሆን ለቅለቅ እያደረጉ ዓመት መጠቀም ነው። አፉ ላይ ማሰሪያ ክር አስገባሁ። የጨርቁ ሙጫ እንዲለቅ አጠብኩትና ኮሪደሩ ላይ፣ ከጎረቤቴ ከዙሃራ ልብስ ጎን አሰጣሁት።

ዓርብ ሱፉን አምሼ፣ ወቅጬ፣ በውሃ በጥብጬ ብወጣ ማጥለያዬ የለም።

«ዙሃራ! ማጥለያዬን አይተሻል?»

«እኔስ የባሌን የሐጂን ቆብ ብቻ ነው ያሰጣ...» ወደ ገመዱ አየች። ቆቡ እንደተሰጣ አለ። «ወይኔ ጉዴ! ሐጂ መነጽራቸውን ትተው ነው ጁምዓ የወጡት!»

ሰብለ በሩን ተደግፋ በሳቅ ሞተች። «እማዬ፣ ማጥለያ ከሌለ ተሸንፈሻል!»

«ምሳ ገና ነው» አልኩ። ዓይኔ ግን ጥጓን ይዛ ወደተቀመጠችው መኪናዬ ሄደ።

ስምንት ሰዓት ግድም የዙሃራ ባል ሐጂ ረሻድ ደረጃውን ወጡ። ማጥለያዬ ራሳቸው ላይ ልክክ ብሏል፤ ክሩ ከጆሯቸው ኋላ ይወዛወዛል።

«ሐጂ፣ ቆቡ ተመቸዎት?» አልኳቸው።

«እንዴት አይመቸኝ፣ እትዬ ዕፀገነት! ነፋስ ያስገባል። አጠገቤ የሰገደው ሰውዬ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ የሆነው አዲስ ፋሽን ነው ወይ ብሎኝ፣ አዎ አልኩት።»

ዙሃራ እየሳቀች ነገሩን ነገረቻቸው። ራሳቸውን ዳበሱ፤ ክሯን አገኟት። አወለቁና በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ።

«ምሳ ያስቆየሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እንግዲህ ቁጭ ብዬ እዳኛለሁ።»

በፈላ ውሃ ሁለቴ አጠብኩት። ሱፉን ገልብጬበት ብጨምቀው ወተት የመሰለ ወረደ፤ እንጀራ ፈተፈትኩበት። ሰብለ አንዴ ጎረሰች፣ ደገመች፤ ከዚያ ጥርሷን በምላሷ ዙሪያውን ፈተሸች። ሁላችንም አፏን እናያለን።

«ምን ተገኘ?» አሉ ሐጂ።

«ምንም» አለች ሦስተኛውን ጉርሻ እየዘገነች። «ፍሪጁ በረንዳ ላይ ይቆማል።»

ሐጂ ሲወጡ በሩ ላይ ዞር አሉ። «እትዬ፣ ለሚመጣው ጁምዓ ለእኔም አንድ ይስፉልኝ። ክሩ ብቻ ይቅር!»

አቡጀዲው ተርፎኝ ነበር። ወዲያው መኪናዬ ጋ ተቀመጥኩ።

ክሩ በሁለተኛው ገባ።