የጠይባ የስኮትላንድ ጠጠር

ጠይባ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ላይ ካለው የቅመም ሱቋ ደጃፍ ሣሩ ደርቆ ሲያስጠላት ነቅላ ጣለችና በቦታው ከስኮትላንድ የመጣ ድብልብል ጠጠር አፈሰሰችበት። ከረጢቱ ላይ «ቸኪስ» የሚል ተጽፏል።

ባሏ ጀላሉዲን ሹፌር ነው። ምሳ ሊበላ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሲወርድ ጠጠሩን አየና በሩ ላይ በቆመችው ሚስቱ ሳቀ።

«የወሎ ድንጋይ አልቆ ነው? ደግሞ በእንግሊዝኛ ቸክ ማድረግ እኮ መወርወር ነው። ስሙ ራሱ ጣሉኝ እያለ!»

«መጀመሪያ አንተን ነው የምጥለው!»

እንዲህ ሲባባሉ አንዲት ሽበታም ፈረንጅ ከመኪናዋ ወረደች፤ ጎንበስ ብላም ጠጠሩን እየመረጠች ቦርሳዋ ውስጥ ትከት ጀመር።

«ሄይ! ድንጋይ ይሰረቃል እንዴ?» ጠይባ ጮኸች።

የሴትዮዋ ፊት ቲማቲም መሰለ። ሞራግ እንደምትባልና ስኮትላንድ ተወልዳ እንዳደገች ተናገረች። በአገሯ ጠጠርም ቸኪ ነው፤ ዶሮም ቸኪ ነው፤ በልጅነቷ በጠጠር የተጫወተችውም ጨዋታ በዚያው ስም ይጠራል። ጀላሉዲን ሲተረጉም ዶሮው ላይ ሲደርስ ምራቁን ዋጠ።

ሞራግ ጠጠሮቹን መሬት ላይ በተነች። አንዱን ወደ ላይ ወርውራ፣ ሌላውን ከመሬት አፈፍ አድርጋ፣ የወረወረችውን ሳይወድቅ ቀለበችው።

«ይሄማ ቅልብልቦሽ ነው!» ጠይባ ቀሚሷን ሰብስባ እግረኛ መንገዱ ላይ ዘጭ አለች። «ካሸነፈችኝ ትውሰድ፣ ካልሆነ ትመልስ። ንገራት!»

«ኧረ ሰው ያየናል! እኔን መቀለብ ትተሽ ድንጋይ ልትቀልቢ?»

የሰማው የለም። ጠይባ ደሴ ሳለች በዚህ ጨዋታ የሚረታት አልነበረም፤ ዛሬ ግን አምባሯ እየተንኳኳ አስቸገራት። ደንበኞች ከበው ቆሙ። ሁለቱ እኩል ሆነው የጠይባ አንድ ውርወራ ቀረ። ጠይባ ወረወረች፣ አፈፍ አደረገች፣ ቀለበች።

«አልሐምዱሊላህ!»

«ነክተሻል» አለ ጀላሉዲን።

«ምን?»

«ጎን ያለውን ጠጠር ነክተሻል፤ ተሸንፈሻል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ለፈረንጅ ትመሰክርብኛለህ?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሞራግ ነገሩ ሳይለወጥ ጠጠሮቿን ቶሎ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ የጠይባን ጉንጭ ሳመችና ሌላ ቀን እንደምትመለስ ነግራት ሄደች።

ጠይባ ግን አልተነሳችም።

«ምነው?»

«ጉልበቴ ያዘኝ። አንሳኝ።»

«መጀመሪያ ምሳዬ የት እንዳለ ንገሪኝ።»

«ጀላል!»

ደንበኞቹ አግዘውት አነሷት። እሷም ቀሚሷን አራግፋ፣ «ብነካም ትንሽ ነው የነካሁት» አለችና ወደ ሱቋ ገባች።