መቃብር የተባለው ማህደር

ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጫማውን ያስራል። የሚሄድበት የለውም፤ ከአልጋው እስከ ጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ነው። ግን በነጠላ ጫማ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ የሥራ ፈት ወግ ይመስለዋልና፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ካልሲውን ስቦ፣ ማሰሪያውን አጥብቆ ነው ሥራ ፍለጋውን የሚጀምረው። እንዲህ ሲያደርግ ሰባት ወሩ።

ታላቅ እህቱ "ኢንጂነሩ" ትለዋለች። ስምንት ዓመት ሶፍትዌር ሲሠራ ኖሮ አንድ ጠዋት ከሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ጋር ተጠርቶ ተሰናበተ፤ የያዘውን ስልክ እንኳ የመሥሪያ ቤቱ ስለነበር እዚያው አስረክቦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ኑሮው በእህቱ ቤት የኋለኛው ክፍል ሆነ። እህቱ ነርስ ናት፤ ማለዳ ወጥታ ስትገባ መሽቷል። በመካከል ያለው ቀን የእሱ ብቻ ነው። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ጉሮሮውን ጠርጎ "እሺ!" ይላል፤ ድምፁ አለመጥፋቱን ለማወቅ።

ምክርማ ሞልቷል። ኢንተርኔቱን ሲከፍተው ሁሉም "ተስፋ አትቁረጡ" ባይ ነው፤ ታዲያ እንዲህ ባዮቹ ሁሉ ሥራ አላቸው። እሱም ምክሩን ሰምቶ በቀን አምስት ማመልከቻ ይልክ ነበር። የሚሰብረው መላኩ ሳይሆን መልሱ ነው። "ለሰጡን ጊዜ እያመሰገንን" ብሎ የሚጀምር ኢሜይል በጠዋት ከደረሰው ያ ቀን አለቀለት፤ ተመልሶ አልጋው ላይ ነው። አንዳንዱ ድርጅት ደግሞ አንዴ እምቢ ማለቱ አልበቃ ብሎት በሳምንቱ ይደግመዋል።

ስለዚህ እንደ ባለሙያ አሰበና አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። አንድ ድርጅት አንዴ እምቢ ካለው፣ እምቢታው ራሱም፣ ከዚያ በኋላ ከዚያ ድርጅት አድራሻ የሚመጣ ኢሜይልም ሁሉ ለዓይኑ ሳይታይ በቀጥታ ወደ አንድ ማህደር ይገባል። ማህደሩን "መቃብር" ብሎ ሰየመው። አንዴ ተቀብሮ የሚነሳ የለም አለና በሙያው ኮራ። እውነትም ለጥቂት ጊዜ ልቡ ሞቅ አለ፤ ማመልከቻውን ወደ ሰባት አሳደገ።

ከዚያ ግን ዝምታው መጣ። ከዝምታው ሁሉ ደግሞ የአቃቂር ዝምታ አንጀቱን አሳረረው። አቃቂር የቀድሞ ባልደረባው ነው፤ ኢንጂነሩ የጻፈውን ፕሮግራም ሁሉ እየሞከረ ስህተቱን የሚለቅም፣ ቅጽል ስሙንም በዚሁ ያገኘ ሰው። ስምንት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። የስንብቱ ቀን አቃቂር ተረፈ፤ ከዚያ ወዲያ ደብዛው ጠፋ።

"ለምን አትጽፍለትም?" አለችው እህቱ አንድ ምሽት፣ ያበጡ እግሮቿን ወንበር ላይ ሰቅላ።

"እታለም ደግሞ! የተባረርኩት እኔ፣ የምጠይቀውም እኔ?"

"ስልክህ ተቀይሯል፤ ከየት አምጥቶ ይደውል?"

"ኢሜይሌን በቃሉ ያውቀዋል። ሰው ቢሆን ኖሮ አንዲት መስመር ይጽፍ ነበር።"

"አይ ወንድሜ፣ ግትርነትህ!" አለችና ዓይኗን ጨፈነች። እሱም ወደ ክፍሉ ገባ። ብቸኝነቱ ያን ዕለት ከወትሮው የባሰ ከበደው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ የማመልከቻ ቅጽ "ከዚህ በፊት ለድርጅታችን አመልክተው ያውቃሉ? መቼ?" ሲል ጠየቀው። ማመልከቱን ያስታውሳል፤ ቀኑ ግን ጠፍቶበታል። እምቢታቸው ላይ ይኖራል ብሎ፣ እያመነታ፣ መቃብርን ከፈተው።

ከሃምሳ በላይ ኢሜይል ተደርድሯል። ከላይ ወደ ታች ሲያይ ዓይኑ አንድ ስም ላይ ተተከለ። አቃቂር። አንዴ አይደለም፤ አራት ጊዜ።

"አንተ ሰው፣ የት ገባህ? እኔም አንተ ከሄድክ በኋላ እዚያ ቤት አላስቻለኝም፤ ለቅቄ እዚህ ገብቻለሁ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይፈልጋሉ፤ ያንተን ስም ሰጥቻለሁ። ቁጥሬ ከታች አለ፤ ደውል።" ከሁለት ወር በፊት የተላከ ኢሜይል ነው። አቃቂር የገባበት ድርጅት ኢንጂነሩን ቀድሞ እምቢ ካሉት አንዱ ነበር።

ሁለተኛው "አለቃዬን ለምኜ እስከ ወር መጨረሻ አስጠብቄልሃለሁ" ይላል። ሦስተኛው "ቅር ያሰኘሁህ ነገር ካለ ንገረኝ እንጂ።" አራተኛው አጭር ነው። "ገባኝ። ከእንግዲህ አላስቸግርህም። ደህና ሁን።"

ቁጥሩን መታ። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው ጠራለት።

"ሃሎ?"

"እኔ ነኝ።"

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲገፋ ተሰማ። "ቦታው ተይዟል" አለ አቃቂር፣ ሰላም እንኳ ሳይል።

"ስለ ቦታው አይደለም የደወልኩት። ኢሜይልህን ያየሁት አሁን ነው። አሁን፣ በዚች ደቂቃ!" ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈለት፤ እምቢታውን፣ ፕሮግራሙን፣ መቃብሩን።

አቃቂር እስከ መጨረሻው ሰማው። "የድርጅቱን አድራሻ ብቻ አይቶ ነው የሚቀብረው? ላኪው ማን እንደሆነ ሳያይ?"

"ሳያይ።"

"እኔ'ኮ ሁለት ወር ሙሉ ምን በደልኩት እያልኩ ነው የከረምኩት።" ድምፁ ሻከረ። "ይሄን ነገር ለማን አሳየኸው? ማን ሞከረልህ?"

"ማንም። ማን ነበረኝና?"

"እኔስ?" አለ አቃቂር።

የኢንጂነሩ ሰባት ወር ያልመጣ እንባ አሁን መጣ፤ አፉን በእጁ ቢይዘውም ሳጉ አመለጠው። አቃቂርም ስልኩን ሳይዘጋ፣ እስኪወጣለት ጠበቀው።