ሠላሳ ስምንት ደጃዝማቾች

የሺሐረግ ወረቀቱን ደግማ አነበበችው። ጊዜ አልፈጀባትም፤ አንድ መስመር ብቻ ነው። «ካርድ አንድ፤ ትእዛዙ አይታወቅም።» ከዚያ በታች ባዶ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያው ነው። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት አቃቂ ወዳለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትመጣለች፤ የተበሱ ካርዶቿን በኮምፒዩተር ክፍሉ መስኮት ታስገባለች፤ ቀትር ላይ ይህችን መስመር ተቀብላ ትሄዳለች። ዩኒቨርሲቲው የሂሳብ ተማሪዎችን ኮምፒዩተር ማስተማር ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ኮምፒዩተር መግዛት ግን ገና አልጀመረም። ስለዚህ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞሩ ማሽን ይለምናሉ። አባቷ የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ስለሆነ ለእሷ ሰፈሯ ያለው ፋብሪካ ደረሳት። የመመረቂያ ሥራዋ የፋብሪካውን ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሠራተኞች በአገልግሎት ዘመናቸው የሚያሰልፍ ፕሮግራም ነው። የማስረከቢያው ቀን ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው። የታተመ ውጤት ያላያያዘ አይመረቅም፤ ዓመቱን ይደግማል።

የክፍሉ ኃላፊ አሻግሬ ይባላል። ሃያ ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ሲመጣ ቁልፍ መያዝ ይችላል ተብሎ ተሾመ። ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በማሽኑ ዙሪያ እንደ ሐኪም ይመላለሳል። ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ጠይቆት የሚያውቅ የለም፤ እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

የሺሐረግ ከመስኮቱ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ካርድ ለአራተኛ ጊዜ ልታስተካክል ስትል፣ ሰዓዳ የምሳ ሰዓቷ ደርሶ ወጣች። ሰዓዳ የሳሪስ አቦ ባለሱቅ ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ማሽኑ በቀዳዳቸው የሚያነባቸውን ካርዶች ለመብሳት ተቀጠረች። በየካርዱ ጠርዝ ላይ የሠራተኛውን ስም በብዕር የምትጽፈውም እሷ ናት። የሺሐረግ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሰላምታ በቀር አላናገረቻትም። ከስምንተኛ ክፍል ልጅ ጋር ስለ ፕሮግራም ምን ይወራል?

«ዛሬም እምቢ አለሽ?» አለች ሰዓዳ ቆሎ እየቆረጠመች።

«የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ቀየርኩት። ምን እንደሚፈልግ አላውቅም።»

«የመጀመሪያው ያንቺ ትእዛዝ መቼ ሆነና? የመጀመሪያው ቀኛዝማች ናቸው።»

«ምን?»

«ቀኛዝማች ገብረጻድቅ፤ ምክትል ሥራ አስኪያጁ። ጋሼ አሻግሬ ካርዳቸውን ከመሀል መዘው ከሁሉ በላይ ያስቀምጡታል። ‹ቀኛዝማች ከጠራጊዋ ከእነ መሰለች ሥር ተደፍተው ማሽን ውስጥ አይገቡም› ይላሉ። ሥራው ሲያልቅ ወደ ቦታው የምመልሰው እኔ ነኝ።»

የሺሐረግ ካርዱን ጭኗ ላይ ጣለችው። ማሽኑ መጀመሪያ ማግኘት ያለበት ሠላሳ ስምንቱን የትእዛዝ ካርዶች ነው፤ ምን እንደሚሠራ ከእነሱ ይማራል፤ የሠራተኞቹ ካርዶች ከዚያ በኋላ ይከተላሉ። አሁን ግን በሩ ላይ ቀኛዝማቹ ቆመዋል። ማሽኑ እሳቸውን እንደ ትእዛዝ ሊያነብ ይሞክራል፤ አይገቡትም።

«ሦስት ሳምንት እያየሽ ዝም አልሽኝ?»

«ጠየቅሽኝ?» አለች ሰዓዳ፤ ቆሎውን ዘረጋችላት።

የሺሐረግ ቆሎውን ትታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«አቶ አሻግሬ፣ የካርዶቹን ቅደም ተከተል እባክዎ አይንኩብኝ። የቀኛዝማች ካርድ ከትእዛዞቹ መቅደም የለበትም።»

«አንቺ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሯችሁ ይህን ነው? ቀኛዝማች ማንን ነው የሚከተሉት?»

«ማሽኑ እኮ ማዕረግ አያውቅም።»

«እሱማ አያውቅም። እኔ ታዲያ ለምን የተቀመጥኩ ይመስልሻል?» አለና መስኮቱን ሊዘጋው እጁን ሰደደ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካመጣሽ አስገባልሻለሁ። ከዚያ በኋላ የደመወዝ ሥራ አለ።»

ተመልሳ ተቀመጠች። ከሞኝ ጋር መከራከር ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜ ደግሞ የላትም። የሰዓዳን ብዕር ተዋሰችና ከትእዛዝ ካርዶቹ የመጀመሪያውን አንሥታ ጠርዙ ላይ «ደጃዝማች» ብላ ጻፈች። በሁለተኛውም «ደጃዝማች»። ሰዓዳ አጎንብሳ አየችና ቆሎው ትን አላት።

«ስማቸውስ?»

«ማዕረጉ ይበቃዋል። ከዚያ አልፎ የሚያነብ ይመስልሻል?»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሠላሳ ስምንቱም ተሹመው አለቁ። አሻግሬ ክምሩን ተቀብሎ የላይኛውን አየ፤ የሚቀጥለውን አየ፤ ዐሥር ያህል ገልጦ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህ ሁሉ ደጃዝማች ከየት መጣ?»

«ባለአክሲዮኖቹ ናቸው ጋሼ» አለች ሰዓዳ ከውስጥ፣ ቀና ሳትል።

አሻግሬ የጋዋኑን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ። ቀኛዝማች ገብረጻድቅን ከሠራተኞቹ ካርዶች መሀል መዘዘና ከደጃዝማቾቹ ቀጥሎ በክብር አስገባቸው። ከደጃዝማቾቹ መካከል ማን ማንን እንደሚቀድም ለመወሰን ግን አልደፈረም፤ እንደ አመጣጣቸው ተዋቸው።

ማሽኑ አጓራ። ወረቀቱ እየተጣጠፈ ወጣ፤ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት መስመር። ከላይ የፈትል ክፍል ሠራተኛዋ ወይዘሮ ፈለቀች፣ ሃያ ሁለት ዓመት። ከታች፣ በመጨረሻው መስመር፣ ቀኛዝማች ገብረጻድቅ፣ አምስት ወር።

አሻግሬ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አጣብቆ ያዘው።

«ይህማ ከዚህ አይወጣም። ፈትል ጠምዛዥ ከላይ፣ ቀኛዝማች ከታች? ደግሞ ማኅተሜን አሳርፌበት?»

የማኅተሙ ነገር የምር ነበር፤ ያለ እሱ ዩኒቨርሲቲው አይቀበልም። የሺሐረግ በመስኮቱ አንገቷን አስገባች። አራት ዓመት የተማረችው ሁሉ በዚያች ቅጽበት አልጠቀማትም፤ የጠቀማት ሰዓዳ ቀና ሳትል የዋሸችው ነው። እሷም ፊቷን እንደዚያው አደረገችው።

«አቶ አሻግሬ፣ እርስዎ ሳያውቁት ቀርተው ነው? የኮምፒዩተር ወረቀት እኮ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው።»

አሻግሬ ወረቀቱን ዘቅዝቆ አየው።

«አውቃለሁ» አለ። «አንቺን ልፈትን ብዬ ነው።» ወረቀቱን እንደዘቀዘቀው ከቀኛዝማች ስም አጠገብ ማኅተሙን መታበት።

ዓርብ ጠዋት የመመረቂያ ሥራ አማካሪዋ ዶክተር ቀናው ቢሮ ገባች። ውጭ አገር ስድስት ዓመት ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው፤ በየንግግሩ መሀል ስለ ሳይንሳዊ አስተሳሰብ ሳያነሣ አያልፍም። ሠላሳ ስምንቱን ትእዛዞች አላነበበም። ወደ ውጤቱ አለፈና የመጨረሻው ገጽ ላይ ቆመ።

«ማኅተሙ ለምን ተዘቀዘቀ?»

ዶክተሩ ማኅተሙን ለማንበብ ወረቀቱን ዘቀዘቀ፤ ዓይኑ ከአጠገቡ ያለው ስም ላይ አረፈና ፊቱ በራ።

«ቀኛዝማች ገብረጻድቅ! የአባቴ ወዳጅ ናቸው እኮ። ዝርዝሩ በሳቸው መጀመሩ ተገቢ ነው» አለና ፈረመላት።