የውሸት መንገደኞች

እህቴ በአውሮፕላን ማረፊያው የትራንዚት አዳራሽ ኃላፊ ናት። ቤት ውስጥ ደግሞ የሁላችንም ኃላፊ ናት፤ እማዬ እንኳ መጋረጃ ለመቀየር እሷን ታስፈቅዳለች። ስለዚህ አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ነገ ሁላችሁም መንገደኛ ትሆናላችሁ ስትለን ማንም አልተከራከራትም። እኔ ብቻ፣ ወዴት ልታባርሪን ነው ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ የውጭ አየር መንገድ መንገደኞቹን ካንዱ አውሮፕላን አውርዶ በሌላው የሚያሳፍርበት ማረፊያ ይፈልጋል። ወይ የእኛን ይመርጣል፣ ወይ የጎረቤት አገሩን። የጎረቤቶቻችን አዲስ ነው፤ መስታወቱ ያብለጨልጫል፤ ካንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ለመሻገር ብዙ አያስኬድም ይባላል። የእኛውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ውሉ ወደዚያ ከሄደ የእህቴ አዳራሽ ይዘጋል፣ እሷም ከነሠራተኞቿ ትበተናለች። ለመምረጥ የሚመጡት እንግዶች ደግሞ ሰው ከፍተሻ እስከ መሳፈሪያ በር ሽው ብሎ ሲያልፍ ማየት አለባቸው። አለቃዋ መላ ዘየደ፦ የሠራተኛ ቤተሰብ መንገደኛ መስሎ ይሰለፍ። ሻንጣው የቀለለ፣ ቀበቶውን አስቀድሞ የፈታ፣ ጥያቄ የማያበዛ መንገደኛ።

እማዬ በሕይወቷ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። የክት ጫማዋን አወጣች። ሻንጣዋ ባዶ መሆኑ ስላላስደሰታት ፎጣና የሌሊት ልብስ ከተተችበት። ባዶ ሻንጣ ይዞ የሚሄድ ሰው የት ታውቃለህ ብላ እኔንም ተቆጣችኝ።

እንግዶቹ በሚመጡበት ጠዋት አንድ አውሮፕላን ዘግይቶ ገባ። ቀጣዩ በረራ ያመለጣቸው እውነተኛ መንገደኞች ወለሉ ላይ ተዘርፍጠው ሲያያቸው አለቃው ደነገጠና ከመጋረጃ ጀርባ ወዳለ ባዶ አዳራሽ አስገባቸው። ትኬት የሚያስተካክሉት ሠራተኞች እኛን ለማስተናገድ ስለተፈለጉ እነሱን ዞር ብሎ የሚያይ አልነበረም። እህቴ ይህን ታውቃለች። በአጠገቧ ሳልፍ ዓይኗን ሰበረች።

ሰልፉ ግን ያምር ነበር። ክራባት አንቆኝ ቆሜያለሁ፤ እንግዶቹ እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ይኼኔ ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ጠና ያለች ሴት ትኬቷን ይዛ ወጣች። ቋንቋችንን አታውቅም። በእጇ ትልቅ ሆድ አሳየችን፣ ከዚያ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ክንዷን አወዛወዘች፣ ከዚያ ሰው እየተሳፈረበት ወደነበረው በር ጠቆመች።

እማዬ ወዲያው ገባት። ልጇ ልትወልድባት ነው አለችኝ። ትኬት የሚታይበት መስኮት ጋ ተረኛዋ እማዬ ነበረች። ሴትዮዋን እጇን ይዛ ከፊቷ አቆመቻትና ወደ እህቴ ዞረች።

«የኔ ልጅ፣ እሷን አስቀድሙልኝ። እኔ እንደሆነ የውሸት ነኝ።»

የአለቃው ፊት አመድ መሰለ። ከእንግዶቹ መካከል ዋናው፣ አንድ ሽበታም ሰውዬ፣ ምን አሉ ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚዋ እህቴ ናት። እኔ የእንግዶቹን ቋንቋ ባልናገረውም እሰማዋለሁ።

«መንገደኛዋ፣ እዚህ መሻገር ፈጣን ስለሆነ አልቸኩልም፣ እሷ ትቅደም እያሉ ነው» አለችው።

መንገደኛዋ አለቻት። እናቴ አላለችም።

ሽበታሙ ሰውዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለእማዬ ጎንበስ አለላት። እማዬም ውሸቷን ይቅር ያላት መስሏት አጸፋውን ጎንበስ አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ክራባቴን አስተካከልኩ። ሠራተኞቹ፣ ሴትዮዋ ትከተልዎታለች እያሉ እማዬን በሩን አሳልፈው ወሰዷት። እንግዶቹ ጀርባቸውን ሲሰጡ አንድ ጥበቃ የሴትዮዋን ክንድ ይዞ ወደ መጋረጃው መለሳት። ይህንንም ዝም ብዬ አየሁ።

ውሉ ለእኛ ሆነ። እህቴ የምሥራቹን ይዛ ስትመጣ እማዬ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር። አለቃዋ የእማዬን ፎቶ አስነስቶ አዳራሹ ውስጥ በትልቁ ሊሰቅለው አስቧል፤ የማረፊያው ትሕትና ምልክት ይሁኑልን ብሏል። 

እማዬ ፎጣውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ፎቶው ይቆየኝ። ሴትዮዋ ደረሰች?»

እህቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወለሉን አየሁ።

«አልጠየቅሁም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ያንን ሽበታሙን ጠይቂው» አለች እማዬ። «እውነቱን ነግረሽው እንኳ ያልተቆጣ ሰው፣ እሷን ሳያደርስ አይቀርም።»

እህቴ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ፤ ቶሎም አልተዘጋም። እማዬ ምን ሆነችብኝ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ደክሟት ነው አልኳት።