ካርታ በዋሴ ድንኳን

የዋሴ መርዶ ከግንባር በመጣ በሠልስቱ፣ ታናሽ ወንድሙ ሻረው ከሐዘንተኛ መቀመጫው ተነሥቶ ባቄላ እያስያዙ ካርታ ከሚጫወቱት መካከል ገባ።

ለቅሶ ቤት ካርታ የሚይዘው አጽናኝ ነው እንጂ ሐዘንተኛ አይደለም። መሪጌታ ሥራዬ የዝንብ ጭራቸውን ማወዛወዝ ትተው፣ «ምነው ልጄ፣ የወንድምህ አፈር ሳይደርቅ?» አሉት።

«አፈሩንማ ማን አሳየኝ፣ መሪጌታ?»

የፈለገው ይግዛውን ነበር። ይግዛው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ዋሴ በዘመተ ማግስት የዋሴን በቅሎ «ለእናት አገር ጥሪ» ብሎ ከደጁ ፈትቶ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ እናት አገር አልተቀመጠችባትም፤ ተቀማጩ እሱ ነው። አሁንም ድንኳኑ ደጃፍ ታስራለች። የዋሴ ሚስት ካሳነሽ ከደጋው፣ ከጨነቅ፣ ገብስ እየጫነች ልጆቿን ታበላ የነበረው በዚያች በቅሎ ስለሆነ፣ ሻረው ለአውራጃው አቤት ብሏል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በባዶ ባቄላ ምን ያጫውተናል?» አለ ሻረው። «ባቄላዬን ከጨረስህ ክሴን እተዋለሁ። ዋሴ ወድዶ ነው የሰጠህ ብዬ እዚሁ ሽማግሌ ፊት እመሰክራለሁ። ባቄላህን ከጨረስሁ በቅሎዋን ትመልሳለህ።»

ይግዛው ሣቀ። «ሰምታችኋል እንግዲህ!»

መምህር ስማቸው ካርታውን በወዘ። ፖከር የሚሉትን ጨዋታ ደባርቅ ያመጣው፣ ሻረውንም ያስተማረው እሱ ነው። ይግዛው ካርታ ጥሎ ከዙሩ መውጣት አይወድም፤ እጁ ባዶ ሆኖ እንኳ «እስቲ ልየው!» እያለ የተያዘበትን ያህል ባቄላ ይገፋል። ስማቸው ስለ እንዲህ ያለው ሰው ሲመክር፣ «በባዶ እጅ አታስፈራራው፣ አይፈራም። የማይረባ ሲደርስህ ጣል፤ ደኅና ሲደርስህ አስከፍለው» ይል ነበር።

ሻረው እንደዚያው አደረገ። ጣለ፤ ደግሞ ጣለ። ሦስት አስ ሲገባለት እፍኝ ባቄላ አስያዘ።

«እስቲ ልየው!» አለ ይግዛው፣ ጥንድ አራት ይዞ። አየው። የይግዛው ክምር ጎደለ፤ እየቆየም ሳሳ። ሻረው ካርታ በጣለ ቁጥር ግን «ሸሸ!» እያለ ጉልበቱን ይመታል፤ ድንኳኑም አብሮት ይሥቃል።

ፊቱ አንዲት እፍኝ ስትቀር ይግዛው ጎንበስ አለና፣ «መሸሽ በዘራችሁ ነው መሰለኝ» አለ። «ዋሴንም ከጀርባው ነው የመቱት አሉ።»

ሣቁ ቆመ። «ተው ይግዛው! ሙት ነው» አሉ መሪጌታ።

ሻረው የያዘው አንዱ ካንዱ የማይገናኝ ቅራቅንቦ ነበር። መጣል እንዳለበት ያውቃል። ግን ያ አፍ ሲደነግጥ ማየት ፈለገ። ከክምሩ አፍሶ ወደ መሐል ገፋ።

«አሁን ማን እንደሚሸሽ እናያለን!»

«ኧረ ልየው!» አለ ይግዛው፤ የቀረችውን እፍኝ ጨምሮ በጥንድ ሦስት በላው።

ከዚያ በኋላ ሻረው አንድም ካርታ አልጣለም። ስማቸው በእግሩ ጎሸም ቢያደርገው አልሰማ አለ። ሁለት የማይጥሉ ሰዎች ፊት ለፊት ሲቀመጡ የሚፈርደው ዕድል ብቻ ነው፤ ዕድልም ለይግዛው ፈረደ። የመጨረሻዋ ባቄላ ስትሄድ እንኳ ሻረው «ድገም!» ይል ነበር።

«በምን ትደግማለህ? ይልቅ መስክር!»

ሻረው ቆመ። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ።

«ዋሴ... ወድዶ ነው የሰጠው።»

ከሴቶቹ በኩል ሙሾው ተቋረጠ። ካሳነሽ ወገቧን በነጠላ እንዳሰረች መጥታ ፊቱ ተገተረች።

«እሱስ ቀምቶን ነበር» አለችው። «አንተ ግን ሰጠህብን።»

ይግዛው በቅሎዋ ላይ ወጥቶ ልጓሟን ያዘ። «እግዜር ያጥናችሁ» አለ፣ እንደ ደንቡ። ሐዘንተኛው «ክፉ አይንካህ» ብሎ መመለስ ነበረበት። ሰው ሁሉ ሻረውን ጠበቀ።

«ክፉ ይንካህ!» ብላ ካሳነሽ መለሰችለት። ዐይኗን ግን ከሻረው ላይ አልነቀለችም።