የስልኩ የመጀመሪያ ባለቤት

ባንቺዓለም ላሊበላ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ ሃያ ዓመት አልፏታል። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ የሙጃ ከተማ ነጋዴ የገዛችው ያገለገለ ስልክ ሰሞኑን አመል አወጣ። ሳትነካው ይከፈታል፤ ላላሰበችው ሰው ይደውላል። አንድ ጠዋት ለንስሐ አባቷ ሦስት ጊዜ ቢደውል «ምን ሆንሽ?» እያሉ በእግራቸው መጡ። አፍራ ስልኩን ለጎረቤቷ ለስልክ ጠጋኙ ለጣሃ ወሰደችለት።

ጣሃ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። «እትዬ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ጠፍቶ ከፋብሪካ እንደወጣ መሆን አለበት። ቁጥሮችዎን ወረቀት ላይ ይገልብጡ።»

ገለበጠች። እሱም አጠፋው። ስልኩ ሲነሳ ግን አልከፈትም አለ።

«ቀድሞ የነበረበትን አካውንት ይጠይቃል» አለ ጣሃ። «የእርስዎ ነው?»

«እኔ አካውንት የሚባል አላውቅም።»

«እንግዲያው የመጀመሪያው ባለቤት ነው። የይለፍ ቃሉም እሱ ጋ ነው።»

በጣሃ ስልክ ለሙጃው ነጋዴ ደወለች። እሱ ደግሞ ማኅሌት የምትባል የኩልመስክ አስተማሪ ቁጥር ሰጣት።

«በጦርነቱ ጊዜ ደመወዝ ሲቋረጥ የሸጥኩት ነው» አለች ማኅሌት። «የይለፍ ቃል በስልክ አልናገርም። ቅዳሜ ለገበያ ስመጣ ራሴ እከፍትልዎታለሁ።»

ባንቺዓለም ትመጣለች ብላ አላመነችም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን አንዲት ቀጭን ሴት ስፌት ቤቱ ደጃፍ ቆማ ስሟን ጠራች።

ማኅሌት ሁለት ጊዜ ሞክራ ተሳሳተች። በሦስተኛው ተከፈተ። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ላይ ስሞች ይደረደሩ ጀመር፤ ማኅሌት ከስልኩ ጋር ጠፉ ብላ ተስፋ የቆረጠችባቸው የራሷ ሰዎች ነበሩ። ጣቷ አንዱ ላይ ቆመ።

«ነሲባ ናት። ኮሌጅ ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ኖረናል። ከጦርነቱ ወዲህ ትኑር ትሙት አላውቅም።»

«ታዲያ ደውዪላታ፣ ልጄ» አለቻት ባንቺዓለም። ይህን ብላ ግን ፈራች፤ የሚያነሳ ባይኖርስ?

ማኅሌት በራሷ ስልክ ደወለች። ረጅም ጠራ።

«ማን ልበል?» አለ የሴት ድምፅ።

«ማኅሌት ነኝ።»

«አንቺ፣ የት ጠፍተሽ ነው?»

ባንቺዓለም እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሳች። ጣሃ የማኅሌትን አካውንት ከስልኩ ሊያጠፋ ብቅ ቢል በእጇ ቆይ አለችው።

«ስሞቹ እንዳይጠፉባት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አይጠፉም፤ እሷ ስልክ ላይ አስገባቸዋለሁ።»

ሁለቱ ጓደኛሞች ግን ገና ስለ ልጆቻቸው መጠያየቅ ላይ ነበሩ። ማኅሌት የምትመለስበት የኩልመስክ መኪና ሞልቶ ሄደ። ባንቺዓለም ለእንግዳዋ ማደሪያ የሚሆን ፍራሽ ልታሰናዳ ወደ ጓዳ ገባች።