ያደረ ለቅሶ

«ዝም በሉ! እማማ ወርቅዬ መጡ!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ከአየር ጤና ፈቀቅ ብሎ፣ ከጅማ መንገድ ዳር በተተከለው ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ወደ ውጭ አየ። የማታው አውቶቡስ አሮጊቷን አውርዶ ሄዷል፤ አብራቸው የተሳፈረች ሴት እጃቸውን ይዛ ወደ ግቢው እያመጣቻቸው ነው። ልጃቸው ሾፌሩ ሀብተሥላሴ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። መርዶ ሊነግሩ ዛሬ ጠዋት ወደ ጅማ የወረዱት ሰዎች መንገድ ላይ ተላልፈዋቸዋል። እሳቸው የመጡት የፈዘዘ ዓይናቸውን ልጃቸው ሐኪም ቤት ወስዶ እንዲያሳይላቸው ነው።

«አሁኑኑ ይነገራቸው» አሉ የዕድሩ ዳኛ አቶ ጌታቸው። የእሳቸው ሹክሹክታ ማዶ ሰፈር ይሰማል።

«አይሆንም» አለች ሰርኬ፣ የሟች ሚስት። ሦስት ቀን ጮኻ ድምጿ ተዘግቷል። «መርዶ ሲነጋ ነው። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የዋሉ ሰው ናቸው፤ ይብሉ፣ ይተኙ።»

«ይህ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ? ማን ይችለዋል?»

«ቀጄላ ችሎታል» አለች ሰርኬ።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ነው። ሰርኬ ገና ሙሽራ ነበረች። ሀብተሥላሴ እናቱን ሊያስተዋውቃት በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናው ይዟት ሲሄድ፣ ጊቤ ሳይደርሱ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። መሽቷል፣ ይዘንባል፤ ቤርጎ ቀርቶ መብራት የሚታይበት መንደር እንኳ አልነበረም። ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው አንድ ደጃፍ አገኙ።

«የመሸበት እንግዳ!» ሲል ተጣራ ሀብተሥላሴ።

አንድ ረጅም ሰው ወጣ፤ ቀጄላ ይባላል። በሩ ላይ ትንሽ ቆየና «ቤቱ የእግዜር ነው፣ ግቡ» አለ። ሚስቱ እግራቸውን አጠበች፣ ገንፎ ቀረበ። ሀብተሥላሴ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው ነውና የመንገድ ወሬውን እያነሳ ሲቀልድ አመሸ። ባለቤቶቹም ሳቁለት። መደባቸውን ለቀውላቸው ራሳቸው መሬት ተኙ።

ሲነጋ ቁርስ አብልተው፣ ጎረቤት ጠርተው መኪናውን ገፍተው አወጡላቸው። ገና ሃያ ክንድ ሳይርቁ ከኋላቸው ጩኸት ተነሳ። ሀብተሥላሴ ሞተሩን አጥፍቶ ሮጠ። እነሱ ሲሳሳቁ ባመሹበት ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ የቀጄላ ወንድም አስከሬን ተጋድሟል። ሀብተሥላሴ ከደጅ ሲጣራ ዓይኑን እየከደኑለት ነበር።

«ምነው ብትነግረን?» አለ ሀብተሥላሴ።

«እንግዳ ጾሙን ይደር እንዴ?» አለ ቀጄላ፣ እንባው እየወረደ።

ሀብተሥላሴ ከመኪናው አካፋ አውርዶ መቃብሩን ከነሱ ጋር ቆፈረ። ከዚያ ወዲያ ያን ቤት ሳይሳለም ጊቤን ተሻግሮ አያውቅም። ሰርኬም ያን ሌሊት ረስታ አታውቅም። የሰው ልጅ ይህን ያህል መቻሉ ዛሬም ይገርማታል።

ይህንኑ ባጭሩ ነገረቻቸው። የተከራከራት ሰው አልነበረም። ድንኳን ሙሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። አልቃሿ ብዙነሽ ነጠላዋን ነከሰች፤ አቶ ጌታቸው እንኳ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ተቀመጡ። ያ ሁሉ ሕዝብ እንዲህ ጸጥ ሲል ለሚያየው ያስፈራ ነበር።

ሰርኬ ወጥታ የአማቷን ጉልበት ሳመች።

«ሀብቴስ?» አሉ እማማ ወርቅዬ።

«መንገድ ወጥቷል፣ እማዬ።»

«እግዜር ይከተለው።»

እቤት ገብተው የቀረበላቸውን ሽሮ በሉ። ሰርኬንም ጠቅልለው አጎረሷት። እንዳይጠረጥሩ ብላ ዋጠችው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀመሰችው እህል ይህ ብቻ ነበር። «ይበርደኛል፣ አጠገቤ ተኚ» አሏት ደግሞ። ልትጠብቃቸው ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ስትነቃ መስኮቱ ነጥቷል። እማማ ወርቅዬ የእሷን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል።

«ነጋ እንዴ፣ ልጄ?»

«ነጋ።» ሰርኬ ተነስታ ተቀመጠች። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ…»

«ተዪው። የፈዘዘው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ምን ሆነ? ከአውቶቡስ ስወርድ ‹ሀብቴ፣ ሀብቴ› ስትዪ ሰማሁሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ድምፅሽ አልቆ ነበር። ይህች ልጅ እህል ትቅመስ፣ እንቅልፍ ትተኛ አልኩ።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ከነጋ እንግዲህ… ላልቅስ?»

ሰርኬ ከትከሻቸው ላይ ነጠላቸውን አወረደች፤ ወገባቸው ላይ አዙራም አጥብቃ አሰረችላቸው።